ባለቤቱ የተጠየቀ ሣር

ቡታጅራ ውስጥ ጅባራ ስለሚባለው የደጋ ተክል የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከመምህር አስረስ ሙርጋ ሌላ አይገኝም ነበር። ችግሩ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ጅባራን ከብት አይበላው፣ ሰው አይበላው፤ ምሰሶ አይሆን፣ ማገዶ አይሆን። ገብስ እንኳ የሚፈራው ከፍታ ላይ ብቻውን ቆሞ፣ ሲመሽ ቅጠሎቹን እንደ ጡጫ ጨብጦ እምቡጡን ከውርጭ እየጠበቀ ረጅም ዘመን ይኖራል። አንድ ጊዜ ያብባል። አብቦም ይሞታል።

አስረስ የተወለደው ይኸው ተክል ከሚበቅልበት፣ ከአረቅጥ በላይ ካለው ደጋ ነው። ከዚያ በትምህርት ወረደ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ሕይወት አጠና፤ ቡታጅራ መምህር ሆኖ ሲመደብ «ለጊዜው ነው» ብሎ ተቀበለ። ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜ ይበላል። አገባ፣ ወለደ፣ ልጆቹ አድገው አዲስ አበባ ገቡ፣ ጠጉሩ ሸበተ፤ እሱ አሁንም ዘጠነኛ ክፍልን ቅጠል ለምን አረንጓዴ እንደሚሆን ያስተምራል። ቅዳሜ ሲሆን ግን ጋቢውን ጠቅልሎ፣ ወደ አረቅጥ በሚወጣው ሚኒባስ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ወደ ጅባራዎቹ ይሄድ ነበር። የትኛው መቼ እንዳበበ፣ የትኛው ሳያብብ እንደ ደረቀ ያያል። በልጅነቱ ጅባራ የሞላበት ቁልቁለት ዛሬ ባዶ ነው፤ ተክሉ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ብቻ እየቀረ ሄዷል። አንዳንድ ቅጠል ቆርጦ በጋዜጣ መሀል ያደርቅና በካርቶን ሞልቶ አልጋ ሥር ይከታል። ሚስቱ ወለተ ሐና፣ «መምህር ያገባሁ መስሎኝ፤ ለካስ ድርቆሽ ነጋዴ ነው» እያለች ትስቅበታለች። ቤት ስታጥብ ግን ካርቶኖቹን አንድም ቀን አርጥባ አታውቅም።

«ለምን አትጽፈውም?» ይሉት ነበር የሚያከብሩት ሰዎች።

«ሁሉን ሳላውቅ አልጽፍም» ይላል።

ሰሚው ትሕትና ይመስለዋል። ትሕትና አልነበረም። የጻፈ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ያልጻፈ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን እንዳልተሳሳተ ይኖራል። አስረስ ይህን ለራሱ እንኳ በግልጽ ተናግሮት አያውቅም፤ ግን ተመችቶት ኖረበት። አንድ ቀን አንድ ሰው ከትልቅ ቦታ መጥቶ፣ «መምህር፣ እባክዎ ያስረዱን» እንደሚለው እርግጠኛ ነበር። በልቡ የመልሱን መግቢያ ሁሉ አዘጋጅቶ ጨርሷል።

ከትልቅ ቦታ የመጣው ሰው ባሂራ ሆነች።

ባሂራ የእንሴኖ ነጋዴ ልጅ ናት። አስረስ ነው ያስተማራት። አንድ ጊዜ ክፍሉን ሁሉ ይዞ ወደ ደጋው ወጥቶ ነበር። ሌሎቹ ልጆች እየተንቀጠቀጡ አውቶቡሱን ሲናፍቁ እሷ ሻርፕዋን አገጯ ድረስ ጠቅልላ፣ ጅባራዋ ሥር ቁጢጥ ብላ ቀረች።

«ቲቸር፣ ብርዱ ቢለቃት ምን ትሆናለች?» አለችው።

«ትሞታለቻ!»

«ለምን?»

«ብርድ የለመደ ሙቀት ይገድለዋላ። ዓሣን ከውኃ አውጥተሽ ለምን ሞተ ትያለሽ እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ጥያቄውን ግን ይዛው ሄደች፤ ዩኒቨርሲቲ ድረስ፣ ከዚያም ወልቂጤ ሌክቸረር እስክትሆን ድረስ፣ ከዚያም ዶክትሬቷን እስክትጀምር ድረስ። ባለፈው ዓመት፣ መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ በፒክአፕ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ጭና ወደዚያው ደጋ ወጣች። ግድግዳቸው ወደ ውስጥ ያዘነበለ፣ ጣራ የሌላቸው፣ ቁመታቸው ከጉልበት እምብዛም የማያልፍ ትናንሽ ቤቶች በሣሩ መሀል አቆመች። ቀን ፀሐይ ሲያገኛቸው ውስጣቸው ከውጭው ጥቂት ይሞቃል። ያቺ ጥቂት ሙቀት፣ እንደ እሷ አባባል፣ ዛሬ የሌለውን ነገር ግን የሚመጣውን አየር በትንሽ ስፍራ አስቀድሞ መጥራት ናት። በየቤቱ ውስጥ ሣርና ትናንሽ የጅባራ ቡቃያ አለ፤ ከየቤቱ ጎን ደግሞ ያልተከለለ፣ በምልክት ብቻ የተለየ ያንኑ የሚያህል መሬት። የውስጡን ከውጭው ማነጻጸር ነው ሥራው። ነገሩ ቀላል ነበር። አስረስን ያንገበገበው አንዱ ይኸው ቀላልነቱ ነው።

ወሬውን የነገረው የሒሳቡ መምህር ሽፋ ነው፤ መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት።

«አስሬ፣ ጉድ ሆነሃል! ተማሪህን በቴሌቪዥን አየኋት፤ ያንተን ጅባራ ይዛ!»

«ጅባራ የእኔ ነው እንዴ? የእግዜር ነው» አለ አስረስ፣ ሻዩን እያማሰለ።

«ይሁና! አንተ ዕድሜህን ሙሉ በእግርህ የወጣኸውን ተራራ ልጅቷ በመኪና ወጥታ ጨረሰችልህ። ቢያንስ ነዳጅ አዋጣ!»

ሁሉም ሳቁ። አስረስም አብሮ ሳቀ፤ ሻዩ ውስጥ ስኳር መጨመሩን ረስቶ ደግሞ ጨመረ።

ቤቱ ገብቶ ዝግጅቱን ከስልኩ ላይ ፈልጎ አገኘው። አየው፤ ደግሞ አየው። መጀመሪያ የአነጋገሯን ስሕተት ፈለገ። ቀጥሎ የሳይንሱን ስሕተት ፈለገ። ሁለቱንም ሲያጣ በጫማዋ ላይ ቂም ያዘ፤ ለደጋ የሚሆን፣ ውድ፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ ነበር። ከሁሉ የባሰችው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ባሂራ ማይክራፎኑን ይዛ፣ ጭጋጉ ከኋላዋ እየተንከባለለ፣ «በዚህ ተራራ ላይ እስካሁን የተሠራ ጥናት የለም» አለች።

እውነቷን ነው። የታተመ፣ የተነበበ፣ የሚጠቀስ አንድም ነገር የለም። ሐሰት ብትናገር ኖሮ ይቆጣ ነበር፤ ቁጣ ደግሞ ሰውን ቀና ያደርገዋል። እውነት ስትናገር ግን የሚቀረው ቅናት ብቻ ነው፤ ቅናት አንገት ያስደፋል። ሰው በማያውቀው ባለጸጋ አይቀናም። ቅናት ቤቱ ቅርብ ነው፤ ጎረቤት ዘንድ፣ ወንድም ዘንድ፣ ከሁሉ ይልቅ መንገዱን በራስህ ጣት ያሳየኸው ሰው ዘንድ።

ነሐሴ ላይ ባሂራ ደወለችለት። «ቲቸር፣ ሥራዬን መጥተው ካላዩልኝ ልቤ አያርፍም» አለች። እምቢ ለማለት ምክንያት አላገኘም፤ ለነገሩ ለማየት ቋምጧል።

ደጋው ጭጋግ ለብሶ ነበር። ባሂራ ከመኪናው ወርዳ ሮጣ ተቀበለችው፤ ትከሻ ለትከሻ ገጭታ ሰላም አለችው።

«ቲቸር፣ በእግርዎ ነው ከአረቅጥ የመጡት? ደውለውልኝ ቢሆን መኪናዋ ትመጣ አልነበር?»

«እግሬ መንገዱን ያውቀዋል።»

ወስዳ አሳየችው። በየፕላስቲኩ ቤት ውስጥ ጓሳ የሚባለው ረጅም ሣር ከውጭው በግልጽ በልጦ፣ ለምልሞ፣ ጫፉ ከግድግዳው በላይ ተርፎ ይወዛወዛል። አስረስ ጎንበስ ብሎ ሣሩን በእጁ ገለጠና ቡቃያዎቹን ፈለገ። ቢጫ ሆነው፣ ቀጥነው፣ ከሣሩ ሥር ተሸጉጠው አገኛቸው። ደስ አለው። አዎ፣ ደስ አለው።

«አየሽ?» አለ። «ያልኩሽ ይህንኑ ነው። ሙቀት ይገድላታል።»

«እኔም እንዲያ ነበር የመሰለኝ» አለች ባሂራ። «እስቲ እዚህ ይምጡ።» ወደ አንድ ዳር ያለ ቤት ወሰደችው። በዚያኛው ውስጥ ጓሳውን እሷ ራሷ እየመለመለች አሳጥራዋለች። ቡቃያዎቹ ወፍረው፣ አረንጓዴ ሆነው፣ ከውጭዎቹ እንኳ ሳይሻሉ አይቀሩም። «ሙቀቱ ያው ነው ቲቸር። እዚህ ግን ብርሃን አላት። የሚገድላት ሙቀቱ አይደለም መሰለኝ፤ ጎረቤቷ ነው። ብርዱ ሲለቅ ሣሩ ፈጥኖ ያድግና ይጋርዳታል። ብርዱ ጠላቷ ሳይሆን ጠባቂዋ ነበር፤ ሣሩን ይዞላት ነው የኖረው።»

አስረስ በዚያ ሁሉ ቅዳሜ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ጅባራውን ሲያይ ጅባራውን ብቻ ነበር የሚያየው። ሣሩ የሚረገጥ ነገር ነበር። ጋቢውን ሳብ አድርጎ፣ «ደኅና ነው፤ ግን ችኩል አትሁኚ» አለ። ድምፁ ለራሱ ጆሮ ቀጭን ሆነበት።

«ልክ ነዎት። ለዚህ እኮ ነው የመስከረሙ ልኬት ሁሉ ነገሬ የሆነው። ክረምቱ ሲወጣ የሣሩንም የቡቃያውንም ቁመት እለካለሁ። ከዚያ በኋላ ነው አፌን ሞልቼ የምናገረው። እሱ ካመለጠኝ ዓመቱ አመለጠኝ፤ የተሰጠኝ ጊዜ ደግሞ ሌላ ዓመት አይጨምርም። ትምህርቱም እዚያው ላይ ያበቃል ማለት ነው።»

«መስከረም መቼ?»

«መስቀል ዋዜማ አካባቢ።»

አስረስ ቀና ብሎ ሜዳውን ተመለከተ። ሣሩ ዙሪያውን እስከ አስታው ዛፍ ጫካ ድረስ ተንጣሎ፣ ክረምቱን ሙሉ ከብት ሳይነካው ይዘናፈላል። ለምን እንዳልተነካ ከሁለቱ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሣሩ የመንደሩ የጋራ ጥብቅ ነው። ክረምት ተዘግቶ ይከርምና ከመስቀል ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የሣሩ ዳኛ ይከፍተዋል፤ በዚያ ቀን ድርሻ ያለው ቤት ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣና ለጣራ መጠገኛና ለበዓሉ ጉዝጓዝ ያጭዳል። ከሜዳው የሚተርፍ ነገር የለም።

«ቦታውን ስትይዢ ማንን ጠየቅሽ?» አላት፣ ቀስ ብሎ።

«ከወረዳው ደብዳቤ አለኝ። ማኅተሙ ሁሉ የተሟላ ነው።»

«የወረዳው ብቻ?»

«ሌላ የሚጠየቅ አለ እንዴ?»

ይኸውልህ፤ አፉ ድረስ መጣለት። ሁለት ቃል ነበር፤ «ዳኛውን ጠይቂ» ማለት። ከዚህ በላይ አይፈለግም። ባሂራ አይኗን ገልጣ ትጠብቃለች፤ ጭጋጉ የቅንድቧን ፀጉር በጠል ነጠብጣብ ሸፍኖታል።

«የለም። ማኅተም ካለ ምን ቀረ» አለ።

ማታ ለወለተ ሐና ነገራት፤ ግማሹን። ግማሹን መንገር የቅናት ልማድ ነው፤ ሰውየው እንዲፈረድለት የሚሻበትን ግማሽ ያወጣል። ወለተ ሐና ቡና ቤት ወሬ የምትሰማ ሴት አልነበረችም፤ የባሏን ፊት ግን ታነባለች።

«ሣሩ እንደሚታጨድ ነግረሃታል?»

«ዶክተር ልትሆን አይደል? ትወቀው።»

«አስሬ!»

«ምን?»

«ልጅቷ ምን በደለችህ?»

«ምንም አላደረገችኝም።»

«እሱማ ነው የከፋው» አለችና መብራቱን ልታጠፋ ተነሣች። «የበደለህ ሰው ቢሆን እኮ ይቅር ትለው ነበር። ደውልላት።»

ደወለላት፤ ግን በማግስቱ አይደለም። ጳጉሜን አልፎ፣ አደይ አበባው መንገዱን ቢጫ ሲያደርገው ነው። ስልኩ ሲጠራ እንዳታነሣው ተመኘ። አነሣችው። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ቲቸር! እንኳን አደረስዎ! ከውጭ የመጡ እንግዶች አሉብኝ፤ አዳራሽ ውስጥ ነኝ። መልሼ ልደውል?»

«ግድ የለም። እንኳን አደረሰሽ ልልሽ ነው።»

ስልኩን ዘጋ። ደወልኩ አለ በልቡ፤ እኔማ ደውያለሁ። እሷ ግን ከውጭ የመጡ እንግዶች ነበሩባት። ቅናት ምግብ ካጣ በትርፍራፊም ያድራል፤ ያን ሳምንት «ከውጭ የመጡ» የምትለዋን ቃል እያላመጠ ከረመ። መልሳ ስትደውል ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እያወቀ ተወው።

ሣሩ የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። አስረስ ዓመት ዓመት እንደሚያደርገው ከዋዜማው ወጥቶ አባቱ ቤት አደረ። ቤቱን የያዘው ታናሽ ወንድሙ ኪዱ ነው፤ እንሰቱን የሚተክል፣ ገብሱን የሚያርስ፣ ጣራው በአንድ ወገን ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስበት የከረመ። ጎህ ሲቀድ ሁለቱም ማጭዳቸውን ይዘው ወጡ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ጥሩ አድርገን ካላጨድን ጣራው በላያችን ይወድቃል» አለ ኪዱ በመንገድ። «እኔ እንኳ ለጓሳው ነው፤ ሚስቴ ለጉዝጓዙ አስጠንቅቃኛለች። ባዶ እጅህን ከመጣህ ክትፎውን ከደጅ ሆነህ ታሸታለህ ብላኛለች።»

አስረስ ሳቀ። ዛሬ የመጣሁት ለወንድሜ ጣራ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ሌላ ምንም የለም። አየዋለሁ፤ አልነካም፤ አልናገርም። ሣር የሚታጨደው በማጭድ እንጂ በዝምታ አይደለም።

ሜዳው ዳር ሰው ተሰልፏል። የሣሩ ዳኛ አቶ ባዩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዱላቸውን ተደግፈው የሚቆሙ ረጅም ሰው፣ መርቀው ከፈቱ። ማጭዱ መንሿሿት ጀመረ። ረድፉ እየታጨደ፣ ቀልዱና ዘፈኑ እየደመቀ ወደ መሀል ገፋ። የፕላስቲክ ቤቶቹ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ውስጥ ያለው ጓሳ እኮ የጉድ ነው!» አለ አንዱ ወጣት፣ ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ። «ተመልከቱት፣ እንደ ሙሽራ አጥር አጥረውለት!»

«የመንግሥት ነው፤ አትንካው» አለ ሌላው።

«መንግሥት ጉዝጓዝ ያነጥፋል እንዴ?»

ሳቅ ሆነ። አቶ ባዩ በዱላቸው እየተመሩ መጡ፤ ቤቶቹን ዞረው አዩ።

«ሕጉን ታውቃላችሁ» አሉ። «በዚህ ሣር ላይ መሥሪያ ቤት ድርሻ የለውም። ድርሻ ያለው ቤት ነው። ከዚህ መሀል ሳይታጨድ እንዲቆም የሚፈልግ ቢኖር፣ ድርሻ ያለው ሰው ወጥቶ የእኔ ነው ይበል፤ የዓመት ድርሻው እሱ ይሆናል። ባለቤት ከሌለው ግን የሁላችንም ነው፤ ይታጨዳል። ባለቤት አለው?»

ነፋሱ ከግድግዳው በላይ የተረፈውን ጓሳ ወዲያ ወዲህ አደረገው።

«ደግሜ እጠይቃለሁ። ባለቤት አለው?»

አስረስ ዝም አለ። ዝምታው እስካሁን ጥሩ ጓደኛው ነበር። አሁን ግን ያ ወጣት ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ ጓሳውን ጠቅልሎ ያዘው፤ ሲይዘው ሥሩ ተገለጠና የተሸሸጉት ቡቃያዎች ታዩ። ቢጫ፣ ቀጫጭን፣ ገና በሕይወት ያሉ። ማጭዱ ከሣሩ ጋር እነሱንም ሊወስዳቸው ነው። የሚመጣው ዘመን መልስ እዚያች ጭብጥ ውስጥ ነበር፤ ከሰው ሁሉ ደግሞ ይህን የሚያውቅ እሱ ነው።

«የእኔ ነው!» አለ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ኪዱ ማጭዱን እንደ ያዘ ቀረ።

«የማን?» አሉ አቶ ባዩ።

«የእኔ ነው፤ ጋሽ ባዩ። በአባቴ ድርሻ።»

«የሙርጋ ልጅ፣ ይህን ያቆመችው ያቺ በመኪና የምትመጣው ሴት አይደለችም?»

እዚህ ላይ «ሥራው የእሷ ነው፤ እኔ በድርሻዬ አስጠልዬላታለሁ» ማለት በቂ ነበር። ዳኛውም ይቀበሉት ነበር። አስረስ ግን አፉ ከተከፈተ አልቆመም።

«እሷ ተማሪዬ ናት። ጥናቱ የእኔ ነው። እኔ ነኝ የጀመርኩት፤ እሷ ትረዳኛለች።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምን ያህል እንደ ጣመው ሊነገር አይቻልም። ሞቀው። በዚያ ብርድ ጆሮው ድረስ ሞቀው። ዳኛው ዱላቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ለሕዝቡ አሳወቁ፤ «የሙርጋ ቤት ይህን ሣር የእኔ ነው ብሏል። ሌላ አያጭድም። ቃሉ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ግን የሙርጋ ቤት ከዚህ ሜዳ ሣር የለውም፤ ዘንድሮም፣ ከርሞም።»

«ጋሼ!» አለ ኪዱ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «ጣራዬን በምን ልክደን? በላስቲክ?»

አስረስ ማጭዱን መሬት ላይ አኖረ።

የመኪናው ድምፅ የተሰማው ገና ጉምጉምታው ሳይበርድ ነው። ለልኬቱ የመጣችው ባሂራ የታጨደውን ሜዳ ከሩቅ አይታ፣ መኪናው በቅጡ ሳይቆም ወርዳ ሮጠች። ውድ ጫማዋ በጭቃ ተለወሰ። ቤቶቿ መቆማቸውን፣ ሣሩም ውስጡ መኖሩን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አልሐምዱሊላህ! አሰላሙ አለይኩም አባቶቼ። ቲቸር! እርስዎም አሉ? ያ ረቢ፣ ልቤ ሊቆም ነበር!»

«ወአለይኩም ሰላም ልጄ» አሉ አቶ ባዩ። «ደኅና መጣሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽና እንለያይ። ይህ ነገር የማን ነው?»

«ይኼ? ከወረዳው ደብዳቤ አለኝ፤ የዩኒቨርሲቲው…» ቦርሳዋን መፍታት ጀመረች።

ከሰልፉ ውስጥ ድምፅ ተነሣ። «ይኸው! የመሥሪያ ቤት ነው!» ያ ወጣት ማጭዱን ከትከሻው አወረደ።

«ደብዳቤውን ተዪው» አሉ ዳኛው። «መምህር አስረስ በአባቱ ድርሻ የእኔ ነው ብሏል። ጥናቱም የእኔ ነው፤ እሷ ረዳቴ ናት ብሏል። እውነት ከሆነ ይቆማል። ውሸት ከሆነ አሁኑኑ ይታጨዳል፤ እሱም ቅጣት አለበት። አንቺ ተናገሪ።»

ባሂራ እጇ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ወደ አስረስ ዞረች። እሱ ቡቃያዎቹን ይመለከታል፤ ቀና ማለት አልቻለም። እውነቱን ብትናገር ሣሯ ይታጨዳል፤ አስረስም ይቀጣል። ውሸቱን ብትናገር ሥራዋ ይተርፋል፤ ግን በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት የእሱ ይሆናል። አስረስ መልሷን ሲጠብቅ፣ ካዘጋጃቸው መግቢያዎች ሁሉ አንዲቱን እንኳ ማስታወስ አልቻለም።

«እውነት ነው» አለች። «የቲቸር አስረስ ነው። እኔ ረዳታቸው ነኝ።»

«አበቃ!» አሉ አቶ ባዩ፤ ረድፉም ቤቶቹን እየዞረ አለፈ።

ይህን ቃል ስንት ዓመት ተመኘው! ከአፏ፣ በሰው ፊት፣ በግልጽ። አሁን ተባለለት፤ ግን እንደ እሬት መረረው። የተሰረቀ ምስጋና ባለቤቱን የሚያውቅ ውሻ ነው፤ አብሮህ አይሄድም።

አጫጆቹ ራቅ ካሉ በኋላ ባሂራ የፕላስቲኩን ግድግዳ በእጇ እየጠረገች፣ ሳታየው ተናገረች።

«ረዳት አሉኝ።»

«ሊያጭዱት ነበር። ሌላ መንገድ…»

«ሌላ መንገድ አልነበረም?»

«ነበር። በድርሻዬ ጥላ ሆኜልሽ ማለፍ እችል ነበር። ከዚያ በላይ ተናገርኩ።»

«ዛሬ እንደሚታጨድ መቼ አወቁ?»

«ሁሌም አውቃለሁ። የመንደሩ ልጅ ነኝ።»

«ነሐሴ ላይ እዚህ ቆመን፣ የሚጠየቅ አለ ወይ ስልዎት?»

«አዎ።»

ባሂራ ይህን ጊዜ አየችው። ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር። ባሂራ ግን ያየችው አንድ ጊዜ ጅባራዋ ሥር ቁጢጥ ብላ ባየችበት አይን ነው፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ በምትፈልግ አይን።

«ለምን?» አለች።

«ቀንቼብሽ ነው።»

ነፋሱ መሀላቸው አለፈ። ኪዱ ከሩቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሌሎቹ የጓሳ ሸክማቸውን ሲያስሩ ያያል፤ ማጭዱ ሥራ ፈቶ ጭኑ ላይ ነው።

«ወንድምዎ ናቸው?» አለች ባሂራ።

«አዎ። ጣራው ያፈስበታል። ድርሻውን እዚህ ላይ ጨረስኩበት።»

«ከለካን በኋላ ጓሳውን ይጨዱት። ቡቃያዎቹን ግን እኔው ራሴ እያሳየኋቸው።» ቦርሳዋን እየከፈተች ጨመረች፤ «ለእርስዎ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ከቦርሳዋ ማስመሪያና እስክሪብቶ አወጣች። ማስመሪያውን ለእሱ ዘረጋችለት።

«እንግዲህ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት» አለች። «ይንበርከኩ። ረዳትዎ ትጽፋለች።»

ከሜዳው ዳር አቶ ባዩ ዱላቸውን ተደግፈው ይመለከቱ ነበር፤ እምቢ የሚባልበት ቦታ አልነበረም። ቢኖርም እምቢ አይልም ነበር። አስረስ ጋቢውን ሰብስቦ ተንበረከከ፤ እርጥቡ መሬት ሱሪውን አልፎ ጉልበቱን ነካው። ሣሩን በግራ እጁ ገለጠ፤ የመጀመሪያዋን ቡቃያ ሥሯን ፈልጎ ማስመሪያውን አስጠጋ። ቁጥሩን ለማየት ደጋግሞ መጠጋት ነበረበት። ቅናቱ አልለቀቀውም፤ ከጎኑ ተንበርክኮ አብሮት ቁጥሩን ያነብ ነበር፤ ሣሩ እሷ ካለችው በታች ሆኖ እንዲገኝ አሁንም ይመኛል። ማስመሪያው ግን ምኞት አይለካም።

ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ቁጥሩን አጉረመረመ።

«አልሰማሁም፤ ጮክ ይበሉ ቲቸር» አለች ባሂራ፣ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አድርጋ።

ደግሞ ተናገረው፤ ጮክ ብሎ።